የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ፦ በዩኒቨርሲቲው ይቆይ ወይስ ለግል ድርጅት ይሰጥ? ለደሴና ለኮምቦልቻ የሚሆን የንጽጽር መመሪያ

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ጥበቃንና ጽዳትን በጨረታ ለግል ድርጅት መስጠት ለምደዋል። ቀጥሎ የሚመጣውን ሐሳብ መገመት አይከብድም፤ ለዓይነ ስውር ተማሪ የሚያነብ፣ መስማት ለተሳነው የሚያስተረጉም፣ ብሬል የሚያትም፣ ዊልቸር የሚያስጠግን ሰውስ ለምን በውል አይመጣም? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበት አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ወጪ መቁጠሩ ስለማይቀር ጥያቄው ዛሬ ባይነሳ ነገ ይነሳል።

ይህን የምጽፈው በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካምፓስ ለሚማር አካል ጉዳተኛ ተማሪና ለቤተሰቡ፣ እንዲሁም በተማሪዎች አገልግሎት፣ በዲን ቢሮ ወይም በግዥ ክፍል ተቀምጦ "የትኛው ይሻለናል?" ለሚል ሰው ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሥራውን ማን ይያዘው ከሚለው ጥያቄ በፊት ክፍያው በምን ይቆጠራል የሚለው መመለስ አለበት። በገጽ ነው? በሰዓት ነው? በተማሪ ራስ ነው? ወይስ በወር ድፍን? ድርጅቱም ሆነ የዩኒቨርሲቲው ቢሮ ውሎ አድሮ የሚሠራው የተቆጠረለትን ነው። ሁለተኛው አቋሜ፣ ከድጋፉ ውስጥ በገንዘብ ሊገዛ የሚችል አለ፣ ፈጽሞ ሊገዛ የማይችልም አለ። ሁለቱን በአንድ ጨረታ ጠቅልሎ ማውጣት ነው ጣጣ የሚያመጣው።

ግዴታው የማን ነው?

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተቋማት ግቢያቸውንና ትምህርት አሰጣጣቸውን ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች እንዲያመቻቹ ያዛል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትን ስም ጠርቶ ተመጣጣኝ ማመቻቸት ይደረግ ይላል። እነዚህ ግዴታዎች የተጣሉት በመንግሥትና በተቋሙ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሥራውን ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፤ ግዴታውን ግን አብሮ አያስረክብም። አሜሪካኖች ይህን በደንባቸው አስፍረውታል፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ከወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕጋቸው የተቀዳው ደንብ የመንግሥት ተቋም በራሱም ሆነ በኮንትራት በያዘው አካል በኩል አድልዎ እንዳይፈጽም ይከለክላል።

ይህ ለተማሪው በተግባር ምን ማለት ነው? አስተርጓሚው ሳይመጣ ሲቀር "ድርጅቱን ጠይቅ" ቢባል የመቀበል ግዴታ የለበትም። የተመዘገበው በዩኒቨርሲቲው ነው፤ ቅሬታውንም በጽሑፍ አድርጎ ለዩኒቨርሲቲው ያስገባል፣ ቅጂውን ቀን አስጽፎ ይይዛል። ከድርጅቱ ጋር መጨቃጨቅ ውሉን የፈረመው ወገን ሥራ ነው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

አንደኛው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ባለሙያ ቀጥሮ፣ ቢሮ ከፍቶ መሥራቱ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ትውውቅ ነው። ባለሙያው ተማሪውን ከመጀመሪያ ዓመት እስከ ምረቃ ያውቀዋል፤ የትኛው መምህር ስላይዱን ቀድሞ እንደሚልክ፣ የትኛው ሦስቴ ካልተለመነ እንደማይሰጥ ያውቃል። ሬጅስትራር ገብቶ ክፍል ያስቀይራል። ድክመቱም የታወቀ ነው፤ መደቡ በመንግሥት ደመወዝ ስኬል ስለታሰረ ጎበዝ ሰው አይቆይበትም፤ የብሬል ማተሚያው አንዲት ዕቃ ብትጎድልበት ግዥው ወራት ይፈጃል፤ ቢሮው አመሻሽ ላይ ይዘጋል፣ ተማሪ የሚያጠናው ግን ከራት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሁሉንም ጠቅልሎ ለግል ድርጅት መስጠት ነው። ሰው ቢታመም ሌላ የመላክ ግዴታ ያለበት፣ የማታና የቅዳሜ ፈረቃ ሊያቆም የሚችል፣ መለዋወጫ ዛሬ ገዝቶ ነገ የሚገጥም አካል ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። የግል ድርጅትን ገና ስሙ ሲነሳ በጥርጣሬ የሚያዩ ሰዎች ይህን ይዘሉታል፤ መዝለል ግን አይገባም። ችግሩ የሚጀምረው የድርጅቱ ትርፍ ከየት እንደሚመጣ ሲታሰብ ነው። የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ኤጀንሲው ከሚከፈለው ላይ ለእነሱ የሚደርሰው ትንሽ ነው ብለው የሚያሰሙት ስሞታ ለማንም አዲስ አይደለም። በር የሚጠብቅ ሰው በየሦስት ወሩ ቢቀያየር በሩ ያው በር ነው። አንባቢና አስተርጓሚ በየሦስት ወሩ ሲቀያየር ግን ተማሪው በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል።

ሦስተኛው አሁንም በየግቢው በሰፊው የሚሠራበት ነው፤ የክፍልና የዶርም ጓደኛ ማንበብ፣ ኖት ማካፈል፣ መንገድ ማሳየት። የጓደኛ አንባቢ ትምህርቱን ያውቀዋል፤ መጽሐፉ ላይ "ስእል 3ን ይመልከቱ" ሲል ስእሉን በቃል ማስረዳት ይችላል። ከማንም በላይ ጥሩ አንባቢ እሱ ነው፣ የፈተና ሰሞን እስኪመጣ ድረስ። ያን ጊዜ የራሱ ፈተና አለበት። ሌላው ደግሞ ይሉኝታ ነው። በነጻ የሚያነብልህን ልጅ "ፈጠንክብኝ፣ ድገምልኝ፣ ትናንት ለምን ቀረህ?" ማለት ይከብዳል። ለዚህ ነው ለጓደኛ አንባቢ በሰዓት መጠነኛ አበል መክፈልን የምደግፈው። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ተማሪው ያለ ይሉኝታ እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ውሉን ለአካል ጉዳተኛ ተመራቂዎች የሥራ ማኅበር መስጠት። ከዚሁ ከወሎ ተመርቀው ሥራ ያጡ ዓይነ ስውራን ብሬልን ማረምና አዲስ ገቢዎችን ስክሪን ሪደር (የኮምፒውተሩን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ማሠልጠን ከማንም ይበልጥ ያውቁበታል። እንዲህ ያለ ማኅበር የጨረታ ማስከበሪያና የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲጠየቅ ነው ከበሩ የሚመለሰው። የግዥ ክፍል መስፈርቱን ሲያወጣ "ተመሳሳይ ሥራ 5 ዓመት የሠራ" ብሎ ከጻፈ ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚገባ ቀድሞ ወስኗል።

ንባብና ብሬል፦ ለድርጅት ይመቻል፣ ግን በምን ይቆጠር?

ለግል ድርጅት በጣም የሚመቸው ሥራ ይሄ ነው። መጽሐፍ ስካን ማድረግ፣ ወደ ሶፍት ኮፒ መቀየር፣ ማረም፣ በድምፅ መቅዳት፣ በብሬል ማተም ከተማሪው ጋር ፊት ለፊት መገናኘትን ብዙም አይጠይቅም። አዲስ አበባም ቢሠራ፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ባለ የኮምፒውተር ቤትም ቢሠራ ልዩነት የለውም።

ዋጋው ግን ወጥመድ አለው። በአማርኛ ብሬል ሳድስ ፊደል ብቻውን በአንድ ቦታ ይጻፋል፤ ሌሎቹ ፊደላት ግን ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ሁለት ቦታ ይይዛሉ። "ደሴ" በዓይን ሁለት ፊደል ናት፣ በብሬል አራት ቦታ ትይዛለች፤ "ኮምቦልቻ" አምስት ፊደሉ ስምንት ይሆናል። የብሬል ነጥብም ትልቅ ስለሆነ አንድ ገጽ የሕግ ጽሑፍ ብዙ የብሬል ገጽ ይወጣዋል። ውሉ "በገጽ ይህን ያህል ብር" ብቻ ካለ የትኛው ገጽ? ድርጅቱ የብሬሉን ይቆጥራል፣ በጀት ክፍል የታተመውን አስቦ ይፈርማል፣ በዓመቱ አጋማሽ ገንዘቡ ያልቃል። በዋናው ጽሑፍ ገጽ ይቆጠር ብላችሁ ጻፉ። ክፍያውም የሚለቀቀው ጽሑፉ ታርሞ ተማሪው ወይም ብሬል አንባቢ አራሚ ከፈረመ በኋላ ይሁን፤ ስካን ተደርጎ ሳይታረም የወጣ አማርኛ ስክሪን ሪደር ሲያነበው የሚሰማው ዝብርቅርቅ ነገር ነው።

ብዙ ሞጁል በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሁሉንም በወረቀት ማተም ላያስፈልግም ይችላል። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር በነጻ ይገኛል፤ ጆውስ በክፍያ ነው። ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚሠራው ኢስፒክ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛም ያነባል፣ ድምፁ የማሽን ቢሆንም ይለመዳል። ድርጅት የጆውስ ፈቃድ በየዓመቱ የሚታደስ አድርጎ ዋጋ ውስጥ ካስገባ፣ ነጻው ለምን እንደማይበቃ በጽሑፍ ያስረዳ። አንዳንዴ በቂ ምክንያት ይኖረዋል፤ አንዳንዴ ምክንያቱ ኮሚሽኑ ነው።

አንድ የሕግ ነጥብ እዚህ አለ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የማራካሽ ስምምነት በዓይነ ስውርነት ወይም በሌላ ጉዳት የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጽሐፍን ያለ ደራሲው ፈቃድ በሚመች ቅርጽ ማባዛትን ይፈቅዳል፤ የሚፈቅደው ግን ለትርፍ ላልሆነ ሥራ ነው። ስለዚህ ቅጂው የሚዘጋጀው በዩኒቨርሲቲው ስም፣ ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መሆኑ ውሉ ላይ ይስፈር። ፋይሉም የዩኒቨርሲቲው ንብረት ይሁን። አለዚያ ውሉ ሲያልቅ ድርጅቱ ፋይሎቹን ይዞ ይሄዳል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪም ያንኑ መጽሐፍ እንደገና ይሸጥላችኋል።

የምልክት ቋንቋ፦ ከሁሉም የሚከብደው

በኮንትራት ተሰጥቶ በቀላሉ የሚበላሸው አገልግሎት ትርጉም ነው። ሦስት ምክንያት አለው፤ የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ ልናገር።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ለዕለት ኑሮ ሙሉ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ግን ለ"ቶርክ"፣ ለ"ሪግሬሽን" ወይም ለ"ይርጋ" ሁሉም የሚያውቀው ምልክት ላይኖር ይችላል። አስተርጓሚው በጣት ፊደል ይጽፈዋል፤ የኛ ጣት ፊደል ደግሞ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ የሚያሳይ ስለሆነ ረጅም ቃል ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ተማሪውና አስተርጓሚው ቁጭ ብለው ለየኮርሱ ምልክት ይስማማሉ። ይህ ስምምነት የትም አልተጻፈም፤ ያለው በሁለቱ እጅ ላይ ነው። ድርጅቱ በኅዳር አንዱን፣ በጥር ሌላውን አስተርጓሚ ቢልክ ሰነዱ ላይ አገልግሎቱ አልተቋረጠም፤ ክፍል ውስጥ ግን ተቋርጧል።

ሁለተኛው የሰው ቁጥር ነው። በሌላው ዓለም የተለመደው አሠራር ለረጅም ሌክቸር ሁለት አስተርጓሚ መድቦ በየ20 እና 30 ደቂቃው ማቀያየር ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሠራ አእምሮም እጅም ይደክማል፣ ትርጉሙም ይሳሳል። ጨረታ ላይ በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈው ድርጅት አንድ ሰው ብቻ አስቦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጨረታ ሰነዱ "ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ ክፍለ ጊዜ ሁለት አስተርጓሚ" ብሎ ካልጻፈ የዋጋ ንጽጽሩ ከንቱ ነው፤ አንዱ በሁለት ሰው፣ ሌላው በአንድ ሰው አስልተው ያቀረቡትን ዋጋ ነው የምታወዳድሩት።

ሦስተኛው ሥልጣን ነው። አስተርጓሚው ተዘጋጅቶ እንዲገባ መምህሩ ስላይዱን ቀድሞ መላክ አለበት። የድርጅቱ ሠራተኛ መምህሩን ማዘዝ አይችልም፤ ደውሎ ይለምናል እንጂ። አስተባባሪው የግቢው ሰው፣ ዲኑ የሚያውቀው ሰው መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ከሆነ ድርጅት ጋር ለትርጉም የምትዋዋሉ ከሆነ ክፍያው በሰዓት ይሁን፣ አስተርጓሚው ለአንድ ኮርስ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አይቀየር፣ መቀየሩ የግድ ከሆነም ነባሩና አዲሱ አብረው የሚገቡበት ጊዜ ይኑር፤ የመምረጫ ፈተናውንም መስማት የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸው ይስጡ። ምልክት ቋንቋ የማያውቅ ኮሚቴ አስተርጓሚ ሲመርጥ ሰርተፊኬት ከማየት ያለፈ ነገር ሊያደርግ አይችልም። በዚህ ላይ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ማማከር ይቻላል።

ግቢው፣ ደረጃውና መንገዱ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አብዛኛው ድርጅት የሚገባበት አይደለምና። ዊልቸር የሚጠቀም ተማሪ ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ መፍትሔው ክፍሉን ወደ ምድር ቤት ማውረድ ነው፤ ይህ የሬጅስትራር አንድ ውሳኔ ነው፣ ወጪ የለውም፣ በጨረታም አይገዛም። አዳዲስ ሕንጻዎችን በተመለከተ የሕንጻ አዋጁ የአካል ጉዳተኞች መግቢያና መገልገያ እንዲኖር ያስገድዳል። "ተሸክሞ የሚያወጣ ረዳት እናቀርባለን" የሚል ድርጅት ቢመጣ በትህትና መልሱት።

ለውል የሚመቹት ጥገናና መጓጓዣ ናቸው። ደሴ ላይ የአካል ተሃድሶ ማእከል ስላለ የሰው ሠራሽ አካልና የዊልቸር ከባድ ሥራ ወደዚያ ይሄዳል፤ ጎማ መቀየርና ብሎን ማጥበቅ ግን ግቢው አጠገብ በዚያው ቀን የሚሠራ ባለሙያ ይፈልጋል። ደሴ ጦሳ ሥር በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ክረምት ላይ ዳገቱ ጭቃ ነው፤ ስለዚህ ከግቢ ውጪ ለሕክምናና ለተግባር ልምምድ ባጃጅ በወር ኮንትራት መያዝ ያዋጣል። ኮምቦልቻ መሬቱ ለጥ ያለ ነው፣ ዝቅ ስለሚልም ይሞቃል፤ እዚያ የሚያስቸግረው ወርክሾፑና ላቦራቶሪው ነው። የማሽን ጠረጴዛ ከፍታ ማስተካከል የቴክኒክ ረዳቱና የመምህሩ ሥራ ነው።

ፈተና፦ ከእጃችሁ አታውጡት

የፈተና አንባቢ፣ የተጨማሪ ሰዓት ውሳኔ፣ የፈተና ወረቀት ወደ ብሬል መቀየር ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይቅር። ምስጢራዊነቱ አንዱ ምክንያት ነው፤ የፈተና ወረቀት ከግቢ ወጥቶ የውጭ ሰው ኮምፒውተር ላይ ማደር የለበትም። ሌላው ምክንያት የቁጥር ነው። በተራ ሳምንት 3 አንባቢ ለ10 ተማሪ ሊበቃ ይችላል፤ በፋይናል ሳምንት ግን 10ሩም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እኩል አንባቢ ይፈልጋሉ። በወር ድፍን የሚከፈለው ድርጅት ለዚያች ሳምንት ብሎ 7 ሰው አይቀጥርም። ዩኒቨርሲቲው ግን የማስተርስ ተማሪዎችና ረዳት መምህራን አሉት፤ የትምህርቱንም ቃላት ያውቃሉ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በመምጣቱ ጉዳዩ ከብዷል። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ስክሪን ሪደር ላይ ሳይለማመድ የመጣ ዓይነ ስውር ተማሪ ዕውቀቱ እያለው በመሣሪያው ሊወድቅ ይችላል። ሥልጠናውን ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ለመስጠት የውጭ አሠልጣኝ መግዛት ጥሩ ሐሳብ ነው። ፈተናውን ማስፈጸም ሌላ ነገር ነው።

እንግሊዞች የሄዱበት መንገድ

ሥራውን ለግል መስጠትን ለረጅም ጊዜ የሞከረች አገር ስለሆነች እንግሊዝን ማየት ይጠቅማል። እዚያ መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የተለየ አበል አለው። ተማሪው ፍላጎቱ ይገመገማል፣ ከዚያ መሣሪያ፣ ሥልጠናና የሰው ድጋፍ በግል አቅራቢዎች በኩል ይገዛለታል። ወጪው ሲከብድ መንግሥት በ2014 እ.ኤ.አ. ለውጥ አወጀ፤ ከ2015 መስከረም ጀምሮ ተማሪው ለኮምፒውተር የመጀመሪያውን 200 ፓውንድ ራሱ እንዲከፍል ተደረገ፤ ከ2016/17 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ደግሞ ኖት መያዝን የመሳሰሉት አብዛኞቹ ድጋፎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተመለሱ። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ግምገማው፣ መሣሪያውና የመሣሪያ ሥልጠናው ከብዙ ትናንሽ አቅራቢዎች ተወስዶ ካፒታና ስተዲ ቴክ ለተባሉ ሁለት ድርጅቶች ተሰጠ። ብዙም ሳይቆይ መሣሪያ ዘገየ የሚል ቅሬታ ከተማሪዎችና ከዩኒቨርሲቲዎች ተሰማ።

የነሱ ገንዘብ፣ የነሱ ሥርዓት ከኛ አይገናኝም። እኔ የማነሳው አንድ ነገር ነው፦ ምን እንደሚያስፈልግ የሚወስነውና ያንኑ የሚያቀርበው አንድ ድርጅት ሲሆን ምን ይሆናል? ወይ የሚሸጠውን ሁሉ "ያስፈልጋል" ይላል፣ ወይ ደግሞ በድፍን ከተከፈለው ወጪ የሚበዛበትን "አያስፈልግም" ይላል። የተማሪውን ፍላጎት መገምገም በየትኛውም አማራጭ ከዩኒቨርሲቲው መውጣት የለበትም። ከዚህ ጋር የሕክምና ማስረጃው አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በተለየ ጥንቃቄ እንዲያዝ ስለሚጠይቅ፣ ድርጅቱ ማወቅ ያለበት "ይህ ተማሪ በትልቅ ፊደል የታተመ ጽሑፍ ይፈልጋል" የሚለውን ብቻ ነው፣ የዓይኑን በሽታ ስም አይደለም።

ሁለት ካምፓስ፣ አንድ ውል?

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ በካርታ ቅርብ ነው። ግን መሐላቸው የሐረጎ ተራራ አለ። ጠዋት ጭጋግ ሲወርድ ወይም የጭነት መኪና መንገድ ሲዘጋ ከደሴ የተነሳ አስተርጓሚ ለ2 ሰዓቱ ክፍለ ጊዜ ኮምቦልቻ አይደርስም። ሁለቱን ካምፓስ በአንድ ውል ለመያዝ የሚወዳደር ድርጅት ኮምቦልቻ ላይ የሚያድር ሰው እንዳለው ያሳይ፤ ከሌለው በዋጋም ቢያሸንፍ አይበጅም። ፍላጎቱም የተለያየ ነው። በአገራችን ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በብዛት የሚገቡት ማኅበራዊ ሳይንስና ሕግ ላይ ስለሆነ የንባብ ሥራው ወደ ደሴ ያደላል፤ ቴክኖሎጂው ያለበት ኮምቦልቻ ደግሞ ላቦራቶሪና ስእላዊ ትምህርት ይበዛዋል። "በተማሪ ራስ ይህን ያህል" የሚል ክፍያ ይህን ልዩነት ይደፍቀዋል፤ ድርጅቱም ቀላሉን ተማሪ ይወዳል፣ ከባዱን ይሸሻል።

የመሣሪያው ባለቤትነትም እዚህ አገር ተራ ጉዳይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያካልል የዩኒቨርሲቲው ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። መሣሪያው የድርጅቱ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ የማን ይሆን ነበር? ኢንሹራንሱስ? እነዚህ ጥያቄዎች ውል ላይ መልስ ይኑራቸው፤ ከሁሉም በላይ ግን በብሬልና በድምፅ የተዘጋጁ ፋይሎች ቅጂ ከሁለቱም ከተሞች ውጪ ይቀመጥ። ማተሚያ በገንዘብ ይተካል፤ የአራት ዓመት የተነበበና የታረመ መጽሐፍ ግን በገንዘብ ብቻ አይተካም።

እኔ ብጠየቅ

የምመርጠው ቅይጡን ነው። ዩኒቨርሲቲው አስተባባሪ፣ የፍላጎት ግምገማ፣ ፈተናና ቅሬታን በራሱ ሠራተኛ ይያዝ። ሁለት ቋሚ አስተርጓሚዎች በየካምፓሱ ይቅጠር፤ ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ በሰዓት ከድርጅት ይጨምር። የብሬልና የሶፍት ኮፒ ዝግጅትን፣ የመሣሪያ ጥገናን፣ የስክሪን ሪደር ሥልጠናን በውል ይስጥ፤ ቢቻል ለተመራቂዎች ማኅበር። የዕለት ንባብን አበል ለሚከፈላቸው ተማሪዎች ይተው። በቁጥር ጥቂት ተማሪ ባለበት ጊዜ ሁለት አስተርጓሚ መቅጠር ብክነት ነው የሚል ካለ፣ መስማት የተሳነው ተማሪ ጨርሶ በሌለበት ዓመት ልክ ነው። አንድም ቢኖር ግን ልክ አይደለም።

ሁሉንም በግል ድርጅት ለማሠራት የተወሰነ ከሆነ ደግሞ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ድርጅቱን እነዚህን ጠይቁ። ከሰዓት ክፍያው ለአንባቢው ወይም ለአስተርጓሚው የሚደርሰው ስንት ነው? እንበልና ድርጅቱ በሰዓት 100 ብር ተቀብሎ ሠራተኛው 40 ብር ቢያገኝ ያ ሠራተኛ ሴሚስተሩን አይጨርስም። ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትታል ወይስ በላዩ ይመጣል? ሰው ሲቀር ተተኪው በስንት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል፣ ካልደረሰስ ከክፍያው ምን ይቀነሳል? በሴቶች ዶርም አካባቢ የሚሠራው ሰው ማን ነው፣ ማንስ መርምሮ ዋስ ተቀበለለት? የተማሪዎቹ ተወካይ በክፍያ ማረጋገጫው ላይ ይፈርማል ወይ? የመጨረሻውን ጥያቄ ድርጅቶች አይወዱትም። እኔ ግን ሌላውን ሁሉ ትቼ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

ለተማሪዎች ደግሞ አንድ የጊዜ ጉዳይ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የበጀት ጥያቄ ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ይሰበሰባል፣ ጨረታም ጊዜ ይፈልጋል። ጥቅምት ላይ ክፍል ገብቶ "አስተርጓሚ የለም" ማለት ለዚያ ሴሚስተር አይደርስም። የሚቀጥለውን ዓመት ኮርሶች ዝርዝር ከዲፓርትመንት ወስዳችሁ፣ ለየትኛው ኮርስ ብሬል፣ ለየትኛው ሶፍት ኮፒ፣ ለየትኛው አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋችሁ ለይታችሁ በጥር ወር ለተማሪዎች አገልግሎት አስገቡ። አንድ ቅጂ ለዲፓርትመንታችሁ፣ አንድ ቅጂ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ተወካይ። ውሉ በማንም እጅ ቢሆን የጨረታ ሰነዱ የሚጻፈው ከዚያ ዝርዝር ነው።